መኪና በነጭ ዱባና በሎሚ ሲባረክ፦ ከቤንጋሉሩ እስከ ቻሙንዲ ኮረብታ

በ1970ዎቹ ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ መጀመሪያ በደብዳቤ፣ ኋላም በስልክ እየተጠያየቅን ቆይተናል። በ2016 ክረምት ደውለው «ልጄ መኪና ልትገዛ ነው፤ ለአዩዳ ፑጃ ናና አብረን እናስባርካት» አሉኝ። ፑጃ የአምልኮ ሥርዓት ማለት ሲሆን አዩዳ ፑጃ የሥራ መሣሪያና ተሽከርካሪ የሚከበርበት የሂንዱዎች በዓል ነው። ሂንዱዎች አዲስ የገዙትን ተሽከርካሪ ሳያስባርኩ መንገድ እንደማያስወጡ በወሬ አውቅ ነበር፤ በዓይኔ ለማየት ግን ይህን የመሰለ ግብዣ አላገኘሁም። ያየሁትን በየዕለቱ ከያዝኩት ማስታወሻ አውጥቼ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 29 ቀን 2017፤ ቤንጋሉሩ

ቀድሞ ባንጋሎር ትባል ወደነበረችው፣ የደቡብ ህንዱ የካርናታካ ክልል ዋና ከተማ ሌሊት ገብቼ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ መምህሬና ባለቤታቸው ወደ ክሪሽና ራጄንድራ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። በዓሉ ሁለት ቀን ስለቀረው የገበያው ዙሪያ በለጋ የሙዝ ግንድ ተሞልቷል፤ ቅጠሉ እንዳለ በጭነት መኪና ይመጣል፣ መንገድ ዳር ይራገፋል፣ ጥንድ ጥንዱ እየታሰረ በ60 ሩፒ ይሸጣል። በዚያ ሰሞን አንድ ሩፒ ወደ አንድ ብር ከአርባ ሳንቲም ግድም ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የአበባ ተራው ይጀምራል። በየጆንያው የተከመረውን ቢጫና ብርቱካንማ አበባ ሳይ አደይ የለበሰው የወሎ ሜዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የተጎነጎነው አበባ የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በክንድ ነው፤ ሻጯ ጉንጉኑን ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ እየለካች ትቆጥርና ክሩን በመቀስ ትቆርጠዋለች። እመቤቲቱ፣ የመምህሬ ባለቤት፣ ዋጋው ካለፈው ሳምንት እጥፍ መሆኑን ተናግረው ተከራከሩ፤ ሻጯም አልቀነሰችም፣ እሳቸውም ሳይገዙ አልሄዱም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ነጭ ዱባው ነው። ይህ ዱባ ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ የለበሰ ሲሆን በእጅ ሲነካ ብናኙ ጣት ላይ ይቀራል። እመቤቲቱ አንዱን አንስተው ያገላብጣሉ፣ በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ልጡ ላይ ጭረት ካዩ ይመልሱታል። ለዚህ ሥርዓት የሚቀርበው ዱባ እንከን ሊኖርበት አይገባም። በመጨረሻ አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ዱባ፣ ሦስት ኮኮናት፣ አንድ ደርዘን ሎሚ፣ እርድ፣ ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት፣ ካፉርና ሰንደል ገዝተን ወጣን። አበባውን ጨምሮ ከ1,000 ሩፒ ትንሽ አለፈ።

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ስለ ምግቡ ሰግቼ ነበር፤ መምህሬ ግን የኢትዮጵያን ጾም አልረሱትም። ቤቱ ሥጋ የማይገባበት ስለሆነ የቀረው ጉዳይ ቅቤ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስቀድመው አስወጥተው በዘይት የተጋገረ ዶሳ የሚባል ስስ ቂጣ ከኮኮናት ማባያ ጋር አቀረቡልኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 30፤ መኪናዋን መረከብ

መኪናዋን የምንረከበው በስድስት ሰዓት ነበር። ሻጮቹ የኢንሹራንሱን ወረቀት ባለማዘጋጀታቸው ቀጠሮው ወደ ሰባት፣ ከሰባትም ወደ ሰባት ተኩል ተገፋ። በመጨረሻ ቁልፉ በትሪ ላይ ሲቀርብ መምህሬ ሰዓታቸውን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ራሁ ካላ ገብቶ ነበር።

በሂንዱዎች ስሌት ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለው ጊዜ ስምንት ቦታ ይከፈላል። ከስምንቱ አንዱ ፀሐይንና ጨረቃን እየዋጠ ግርዶሽ ያመጣል የሚባለው የራሁ ድርሻ በመሆኑ አዲስ ነገር አይጀመርበትም። ድርሻው በየዕለቱ ቦታ ይለዋውጣል፤ ሐሙስ ስድስተኛው ክፍል ላይ ይውላል፤ ይኸውም ከቀኑ 7፡30 እስከ 9፡00 ነው። ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ይህን ስሌት መከተል አይከብድም፤ መምህሬም ደሴ ሳሉ የእኛን ሰዓት ቶሎ የለመዱት በዚሁ ምክንያት እንደነበር ነገሩኝ። በአዳራሹ ሌሎች ቤተሰቦችም ቁልፋቸውን ሳይቀበሉ ተቀምጠው ነበር፤ ሠራተኞቹም ነገሩን ስለሚያውቁት ሻይ እያዞሩ ጠበቁ። ወረቀቱን በጊዜው አለማድረሳቸው ግን አላስደሰተኝም፤ የደንበኞቻቸውን ሥርዓት የሚያውቅ ድርጅት ለዚያ ሰዓት መጠንቀቅ ነበረበት።

ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ልጅቷ ቁልፉን በቀኝ እጇ ተቀብላ ትንሿን ነጭ መኪና ቀስ ብላ እየነዳች ወደ ጋሊ አንጃኔያ ቤተ መቅደስ ወሰደችን። ይህ ቤተ መቅደስ ወደ ማይሱሩ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር ያለ ሲሆን በቤንጋሉሩ ተሽከርካሪ በማስባረክ ስሙ የታወቀ ነው። የቤተ መቅደሱ ባለቤት አንጃኔያ፣ ሰሜኖቹ ሃኑማን የሚሉት፣ የነፋስ አምላክ ልጅ ነው፤ ባሕር በአንድ ዝላይ የተሻገረና ለቆሰለ ወዳጁ መድኃኒት ፍለጋ ሄዶ ተራራውን እንዳለ ተሸክሞ የመጣ ኃያል ስለሆነ መንገደኛ ቢማፀነው አይደንቅም። ከፊታችን አንድ ስኩተር፣ አንድ የአትክልት መጫኛ ፒክአፕና አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተሰልፈው ነበር።

እኔ ክርስቲያን በመሆኔ ከሥርዓቱ አልተካፈልኩም፤ መምህሬም ይህን ስለሚያውቁ ሁሉን በቅርብ የማይበት ቦታ ላይ አቆሙኝ።

ካህኑ በመጀመሪያ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባና ከምስሉ እግር ሥር አስነክቶ ከአንድ ቀይ አበባ ጋር መለሰው። ከዚያ መኪናዋ ላይ ውኃ ረጭቶ፣ መሰናክልን የሚያስወግደውን ጋኔሻን አስቀድሞ ጠራ፤ ማንኛውም ሥርዓት ያለ ጋኔሻ አይጀመርም። የእርዱን ልቁጥ በቀለበት ጣቱ እየጨለፈ ኮፈኑ ላይ ስዋስቲካ ሣለ፣ በየማዕዘኑም አንዳንድ ነጥብ ጨመረበት፤ በላዩ ኩምኩም ሲያሳርፍበት ቢጫው ላይ ቀይ ደመቀ። ይህ ምልክት ናዚዎች ወስደው ከማጉደፋቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ በህንድ የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ በእኛም አገር በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መስኮቶች ላይ ተፈልፍሎ ይታያል። ተመሳሳይ ነጥብ በመሪው፣ በክሩስኮቱ፣ በአራቱም ጎማዎችና በሞተሩ ላይ ተደረገ፤ ሞተሩን ሲቀባ ኮፈኑን ያስከፈተው ካህኑ ራሱ ነበር። የአበባው ጉንጉን ከፊት መስታወቱ ሥር ተዘረጋ፣ ሰንደል ተለኮሰ፣ ካፉር የሚነድበት ሳህን በመኪናዋ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ እየዞረ ቀረበ። ቤተሰቡ መዳፋቸውን ከነበልባሉ በላይ አሳልፈው ወደ ዓይናቸው መለሱ።

ቀጥሎ የዱባው ተራ ሆነ። ካህኑ ከአናቱ ትንሽ ክዳን ቆርጦ በውስጡ ኩምኩምና ሳንቲሞች ጨመረ፣ በላዩ ካፉር ለኮሰ። መምህሬ በሁለት እጃቸው ተሸክመው መኪናዋን ሦስት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ከፊቷ ቆመው ዱባውን በሙሉ ኃይላቸው መሬት ላይ ከሰከሱት። ነጩ ሥጋ ተበትኖ በመካከሉ ቀይ ውኃ ሲፈስ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዱባው የሚሠዋ እንስሳ ምትክ ነው፣ መኪናዋ ላይ ያረፈ ክፉ ዓይን ሁሉ በእሱ ላይ ይቀራል። በእኛ አገር አዲስ መኪና የገዛ ሰው ካህን ጠርቶ ጸበል ያስረጫል፤ በግ አርዶ ጎረቤት የሚያበላም አለ። የሰው ዓይን እንዳይበላው የሚለው ስጋት ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው።

በመጨረሻ በየጎማው ሥር አንዳንድ ሎሚ ተደረገ። ልጅቷ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ እናትየዋ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው «ወደፊት ብቻ፣ ወደኋላ እንዳትይ» አሏት። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ሎሚዎቹ ተራ በተራ ሲጨፈለቁ ተሰማ። ኮኮናቱም ተሰብሮ ውኃው ጎማው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ለቤተ መቅደሱ ቀርቶ ግማሹ በረከት ሆኖ ለእኛ ተመለሰ። መምህሬ ለካህኑ 501 ሩፒ ሰጡ። የስጦታ ገንዘብ በአንድ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ 101፣ 501፣ 1,001 እየተባለ ይሰጣል። ሁሉም ከሃያ ደቂቃ ብዙም አላለፈም፤ ከኋላችን የነበረው ሌላ ስኩተርም ወዲያው ቦታችንን ያዘ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 1፤ አዩዳ ፑጃ

ናቫራትሪ የሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል በዘጠነኛው ቀን ሰው የሚተዳደርበትን መሣሪያ ሁሉ አጥቦና አስጊጦ ያከብራል። የካርናታካ ሕዝብ ይህን ቀን አዩዳ ፑጃ ይለዋል። ወታደር ጠመንጃውን፣ ልብስ ሰፊ መቀሱንና የሲንጀር መኪናውን፣ አናጢ መጋዙን ያስጌጣል። በመምህሬ ቤት መጻሕፍቱ በዕውቀት አምላክ በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ተደርድረው ነበር፤ በዚያ ቀን ስለማይነበቡ ልጆች ይደሰታሉ። ከመጻሕፍቱ ጎን አንድ ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ ተጋድሟል። ጠጋ ብዬ ሳየው ደሴ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ይሠሩበት የነበረው ኮምፓስ ነው፤ ጠመኔ የሚሰካበት ቀለበት ላይ የእርድ ነጥብ ተቀብቶለታል። እኔን ሳይቀር ያስተማሩበት መሣሪያ እስከ ዛሬ በየዓመቱ አበባ ሲደረግለት ማየት ልቤን ነካው። መምህሬም «ይህ ነው እንጀራ ያበላኝ» አሉኝ፤ ይህን ያሉኝ በአማርኛ ነው።

ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ ራሁ ካላ ከ4፡30 እስከ 6፡00 ስለሚውል አካባቢው ሁሉ ከዚያ በፊት ሥራውን ለመጨረስ ተጣድፎ ነበር። ከቤቱ ማዕዘን እኛ ባጃጅ የምንለው፣ እነሱ አውቶ የሚሉት ተሽከርካሪ ተራ አለ። ሾፌሮቹ ከንጋት ጀምሮ በባልዲ ውኃ አጥበዋቸው፣ በግራና በቀኝ የሙዝ ግንድ አስረውባቸው አረንጓዴና ቢጫ ቀለማቸው ከአበባው ጋር ተደባልቋል። ለሁሉም አንድ ካህን ጠርተው በጋራ ከፈሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሙስሊም ነው፤ አውቶውን እንደ ጓደኞቹ አጥቦ ከሰልፉ አሰልፏል፣ በጸሎቱ ጊዜ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያበቃ ከሁሉም ጋር የሩዝ ፈንዲሻና የተቆላ ሽምብራ ያድል ጀመር። ዕድሜው የገፋ ሾፌር ወደ እኔ ዞሮ የአውቶውን ዕዳ ሊጨርስ አራት ወር እንደቀረው ነገረኝና እጄ ላይ ፈንዲሻ አፈሰሰልኝ። ትናንት በቤተ መቅደሱ ካየሁት ይልቅ ይህኛው በረታብኝ፤ ለእነዚህ ሰዎች ተሽከርካሪው የልጆቻቸው ራትና የትምህርት ቤት ክፍያ ነውና።

ነገሩ በግለሰብ ብቻ የሚቀር አይደለም። የክልሉ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ለእያንዳንዱ አውቶቡስ የፑጃ ወጪ ይመድባል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. 100 ሩፒ የነበረው በ2024 ወደ 250 ከፍ ብሏል። የህንድ የመከላከያ ሚኒስትር ራጅናት ሲንግም ጥቅምት 8 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያውን ራፋል ተዋጊ አውሮፕላን ሲረከቡ አካሉ ላይ «ኦም» የሚለውን የሂንዱዎች ቅዱስ ቃል ጽፈው፣ አበባና ኮኮናት አኑረው፣ ከጎማው ሥር ሎሚ አስደርገዋል። በአገራቸው ውስጥ የተቿቸው ነበሩ፤ እኔ ግን የአውቶ ሾፌሩን ካየሁ በኋላ የሚያስነቅፍ ነገር አልታየኝም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። ወደ ማታ መንገዱ ሁሉ በተሰበረ ዱባ ተሸፈነ፤ በበራችን ሲያልፍ የነበረ ባለሞተር ሳይክል በቁርጥራጩ ተንሸራቶ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ እንጂ እግዚአብሔር አትርፎታል። ጎረቤቶች አንስተው ቁስሉን አጠቡለት፣ ሁለት ወጣቶች መጥረጊያና አሸዋ ይዘው ወጡ። ዱባውን ከመንገዱ መሃል ሳይሆን ከዳር መስበር፣ ወይም ከሰበሩ በኋላ ጠርጎ ማንሳት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከአደጋ እንዲጠብቅ የተሰበረ ዱባ ለሌላ ሰው አደጋ መሆን የለበትም። መምህሬም ይህንኑ ለጎረቤቶቻቸው በየዓመቱ እንደሚናገሩ ነገሩኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2፤ ወደ ማይሱሩ

ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነስተን የቤንጋሉሩና ማይሱሩን ፈጣን መንገድ ያዝን። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ መንገድ 118 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ አዳማው መንገድ ጋር በሐሳቤ አስተያየሁት፤ የእነሱ በረዥምነቱና በስፋቱ ይበልጣል፣ በአጥሩና በጥበቃው ግን የእኛ የተሻለ መስሎኛል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተር ሳይክል፣ አውቶና ትራክተር ከዋናው መንገድ ታግደው በጎን መንገድ ብቻ እንዲሄዱ ተደርጓል። ሁለት የክፍያ ኬላዎች አሉ፤ ክፍያው በአንድ ላይ ከ300 ሩፒ በላይ ሲሆን መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ምልክት በራሱ ይቆረጣል።

ራማናጋራን እንዳለፍን የፊቱ የአበባ ጉንጉን በነፋሱ ተበጥሶ የዝናብ መጥረጊያው ላይ ተጠመጠመ። ልጅቷ መጥረጊያውን ብታንቀሳቅሰው ባሰበት፤ መስታወቱ በእርድና በቅጠል ተለቀለቀ። በፈጣኑ መንገድ መቆም ስለማይፈቀድ እስከሚቀጥለው መውጫ በጠባብ ቀዳዳ እያየች በዝግታ ነዳች። እናትየዋ በዚህ ሁሉ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ማዱር ስንደርስ ወጥተን አጠብነው፤ በዚያው የከተማዋ ስም የሚጠራበትን ማዱር ቫዳ በላን። ከሩዝ ዱቄት፣ ከሰሞሊናና ከብዙ ሽንኩርት ተጠፍጥፎ በዘይት የሚጠበስ ሲሆን ዳሩ ኮሽ ይላል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፤ አንዱ 30 ሩፒ ነበር። ከዚያ ወዲህ አበባውን ከፓራውልቱ ሥር በገመድ አጥብቀን አሰርነው።

ማይሱሩ የዳሳራ፣ ማለትም በናቫራትሪ ዘጠኝ ቀናት ላይ የድሉን አሥረኛ ቀን የሚጨምረው በዓል፣ ዋና ከተማ ናት። የዎዲያር ነገሥታት በዓሉን በ1610 እ.ኤ.አ. በስሪራንጋፓትና ጀምረው ኋላ ወደዚህ አምጥተውታል። አሥረኛው ቀን የድል ቀን ነው፤ አምላካቸው ቻሙንዴሽዋሪ የጎሽ መልክ ያለውን ማሂሻሱራን ያሸነፈችበት ነው ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አቢማንዩ የሚባለው ዝሆን 750 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን በወርቅ የተለበጠ መቀመጫ ከነአምላኪቱ ምስል ተሸክሞ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ወደ ባኒማንታፕ አመራ። ከእግረኛ መንገዱ ላይ በሕዝብ መካከል ቆመን አየነው፤ ዝሆኑ ሲያልፍ ጩኸቱ ቆሞ ሁሉም እጁን አጣምሮ አጎነበሰ። ጉዞው የሚያልቅበት ቦታ ስሙን ያገኘው ከባኒ ዛፍ ነው። በጥንት ታሪካቸው አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች በስደት ሳሉ መሣሪያቸውን በዚህ ዛፍ ላይ ደብቀው ዓመት ካለፈ በኋላ ሳይጎድል አግኝተውታል፤ መሣሪያን ማክበርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማታ ቤተ መንግሥቱ ወደ 100,000 በሚጠጉ አምፖሎች ሲበራ አይተን ገባን። አልጋ በበዓል ዋጋ 4,500 ሩፒ ጠይቀውን ነበር፤ በሌላ ሰሞን ከግማሽ በታች እንደሆነ ባለቤቱ ራሳቸው ነግረውናል።

እሑድ፣ ጥቅምት 3፤ ቻሙንዲ ኮረብታ

ቤተሰቡ መኪናዋን በአምላኪቱ ደጅ ማድረስ ስለፈለገ በማለዳ ወደ ኮረብታው ወጣን። ወደ ላይ የሚወስዱ ከ1,000 በላይ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ በእግር የሚወጡ ሴቶች በየደረጃው ኩምኩም እየቀቡ ያልፋሉ። እኛ የመኪናውን መንገድ ይዘን ናንዲ የሚባለው ግዙፍ የድንጋይ በሬ ዘንድ ቆምን። ከአንድ አለት የተፈለፈለው በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን ቁመቱ አምስት ሜትር ያህል ነው፤ በአንገቱ ያለው ደወል ሳይቀር ከዚያው አለት ተቀርጿል። ናንዲ የሺቫ መጓጓዣ ነው። ጋኔሻ በአይጥ፣ ቪሽኑ በንስር፣ ቻሙንዴሽዋሪ በአንበሳ ይሄዳሉ። መምህሬ ናንዲን እያሳዩኝ፣ አምላክን የተሸከመ እንስሳ ቤተ መቅደስ ከተሠራለት ሰውን የሚሸከም ነገር ቢከበር ምን ይገርማል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሥርዓቱ መሠረት ገባኝ፤ የሚመለከው ብረቱ ሳይሆን በሰላም አድርሶ መመለሱ ነው።

ከላይ በማቆሚያው አንድ የውኃ ቦቴ ቆሞ ነበር፤ ያገለገለ ነው፣ ቀለሙ ለቋል። ባለቤቱ ከሚስቱና ከወንድሙ ጋር ራሳቸው ፑጃውን ጀምረዋል፤ ካህን አልጠሩም። አበባቸው አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ ካፉራቸውም ነፋስ እያጠፋው ተቸገሩ። ቦቴው ስድስት ጎማ ሲኖረው የያዙት ሎሚ አራት ነበር። እመቤቲቱ ይህን አይተው ከቦርሳቸው ሁለት ሎሚና የቀረውን ካፉር አውጥተው ሰጧቸው፤ ልጅቷ በሻርፗ ነፋሱን ከለለችላቸው፣ መምህሬ ጎንበስ ብለው የኋላ ጎማው ሥር ሎሚ አስገቡ። ሰውየው ሞተሩን ሲያስነሳ በመጀመሪያው አልያዘም፣ በሁለተኛው ያዘ። ቦቴው ሎሚዎቹን ጨፍልቆ ሲያልፍ ሚስቱ ደስ ብሏት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለሦስት ሠፈሮች ውኃ ለማመላለስ እንደተዋዋሉ ለእመቤቲቱ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም የቀረውን የኮኮናት በረከት በቅጠል ጠቅልለው ሰጧት። እኛም ከሰዓት በኋላ ተነስተን በስሪራንጋፓትና በኩል ወደ ቤንጋሉሩ ተመለስን።